እግር የት ይረፍ?

በዚህ መጽሔት ስለ ፍቅር ተጽፏል፤ ስለ ናፍቆት ተጽፏል፤ ስለ ካፌው ሽሮ እንኳ ግጥም አንብበናል። ስለ አንዲት የመኪና ዕቃ የጻፈ ግን እስካሁን አላጋጠመንም። «ጋራዥና ሥነ ጽሑፍ ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር አንቀየምም። እስከ መጨረሻው አንብቦ ይፍረድ።

ነገራችን ስለ አንዲት ግማሽ ቀለበት ነው። ቅርጿ እንደ ግማሽ ጨረቃ፣ ውፍረቷ 2.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ በሞተር ሆድ ውስጥ ተደብቃ ትኖራለች። ባለ መኪናው ስሟን ሳያውቅ፣ መልኳን ሳያይ፣ መኪናውን ሸጦ ሊሄድ ይችላል። እሷ ከቦታዋ የወደቀች ዕለት ግን ሞተሩ አለቀለት። መኪናዋ አሮጌ ላዳ ታክሲ ከሆነች ደግሞ የሚቆመው ሞተሩ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ ይቆማል፤ የልጅ ደብተር ይቆማል፤ አስቤዛ ይቆማል።

እኛ አራት ነን፤ በአንድ ዶርም ነው የምናድረው። ሁለታችን የምሕንድስና፣ አንዳችን የሥነ ጽሑፍ፣ አንዳችን የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ነን። የአንዳችን አባት ላዳ ታክሲ ይነዳሉ። ልጃቸው ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በዚያች ላዳ ጀርባ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እንግዲህ ሐሳባችንን ከዚህ ተነሥታችሁ ተረዱት።

ላዳን የማያውቃት የለም። ታሪኳን ግን ሁሉም አያውቀውም። ሶቭየት ኅብረት ከጣሊያኑ ፊያት ጋር የተዋዋለችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ ተተከለና በ1970 የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወጡ። አካሏ ከፊያት 124 የተወሰደ ቢሆንም ለሶቭየት መንገድና ብርድ እንዲሆን ተጠናክሯል፤ ሞተሯም ከ124ቱ የተለየ ነበር። ወደ ውጭ ስትሸጥ «ላዳ» ተባለች። በደርግ ዘመን ወደ አገራችን ገባች፤ ሰማያዊና ነጭ ለብሳም የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነች። የዚያ ቤተሰብ የመጨረሻ ልጆች ከሆኑት አንዷ፣ 2107 የምትባለው፣ በሩሲያ መሠራቷ የቆመው በ2012 ነው። ስለዚህ አዲስ ላዳ ከእንግዲህ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ከተነገረ ወዲህማ ያለውን ጠብቆ ማኖር ግዴታ ሆኗል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ ሆድ እንግባ። ምሕንድስና የማያውቀው ወንድማችን ገብቶት «እህ!» እስኪል ድረስ ያስረዳነውን ነው የምንጽፈው፤ ለሁሉም እንዲገባ።

ሻማው ቤንዚኑን ሲያቀጣጥለው ፒስተኑ ወደ ታች ይወረወራል። ያንን ውርወራ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ክራንክሻፍት የተባለው ጠማማ ዘንግ ነው። በላዳ ሞተር ውስጥ ዘንጉ በአምስት አልጋዎች ላይ ተኝቶ ይዞራል። ከፊት ለፊቱ፣ ከራዲያተሩ በኩል፣ ቺንጋ የሚያዞረው ፑሌጃ አለ። ከኋላው ቮላኖ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ተከታትለው አሉ።

የዘንጉ ሥራ መዞር ብቻ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለስ ሥራው አይደለም። ይሁን እንጂ ወደ ፊት የሚገፋው አለ። ማን? የነጂው ግራ እግር! ፍሪሲዮን ስንረግጥ ኃይሉ በዘይት ቧንቧ ሄዶ ሹካ መሰሉን ብረት ይገፋል፤ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታው የፍሪሲዮኑን ስፕሪንግ ይጫናል፤ ስፕሪንጉ በቮላኖው በኩል አድርጎ ክራንክሻፍቱን ወደ ራዲያተሩ ይገፋዋል። እግራችንን ባነሣን ጊዜ ግፊቱ ያበቃል።

ይህን ሁሉ ግፊት የሚመክቱት በአምስተኛው፣ ማለትም በመጨረሻው አልጋ ግራና ቀኝ የተሻጡ ሁለት ግማሽ ቀለበቶች ናቸው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሙሉ ቀለበት አይደሉም፤ ከላይ፣ በብሎኩ በኩል ብቻ የተቀመጡ ግማሾች ናቸው። ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር መከራውን የሚያየው የኋለኛው ነው። ፋብሪካውም ይህን አውቆ የፊተኛውን በአሉሚኒየም ከተለበጠ ብረት፣ የኋለኛውን ከዱቄት ተጋግሮ ከሚሠራ ጠንካራ ነገር አድርጎታል። በቀለበቶቹና በዘንጉ መካከል የሚኖረው ክፍተት ከ0.06 እስከ 0.26 ሚሊሜትር ነው። ከ0.35 ካለፈ መለወጥ አለባቸው። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን፣ በጤናና በሞት መካከል ያለው ርቀት አንድ ወረቀት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ይኼኔ ነው የሥነ ጽሑፉ ወንድማችን «እህ!» ያለው።

ቀለበቶቹ ለራሳቸው የተመደበ የዘይት መንገድ የላቸውም። የሚጠጡት ከአልጋው ውስጥ በጎን የሚፈስሰውን ዘይት ነው። ፊታቸው ላይ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች የተሠሩትም ያ ዘይት ገብቶ በቀለበቱና በዘንጉ መካከል እንደ ቀጭን ሽፋን እንዲዘረጋ ነው። ሽፋኑ እስካለ ድረስ ብረት ብረትን አይነካም። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ግን ግፊቱ አነስተኛ ነው፤ ዘይቱም ግሎ ከቀጠነ ሽፋኑ ይሳሳል። ልክ በዚህ ሰዓት እግር ፍሪሲዮን ላይ ተኝቶ ከቆየ ቀለበቷ መበላት ትጀምራለች።

አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ምንም አትሆንም። ነገሩ ግን እንደ ብድር ወለድ ነው፤ ሳይታይ ያድጋል። ቀለበቷ እየሳሳች ስትሄድ ቦታዋ ይሰፋባታል፤ ትላወሳለች፤ በመጨረሻም ከዘንጉ ጋር ዞር ትልና ተንሸራታ ዘይት ማጠራቀሚያው ኮፓ ውስጥ ትወድቃለች። ከዚያ ወዲያ ክራንክሻፍቱ ራሱን የብሎኩን ብረት ይፍቃል። ቀለበት ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገዛል። የተፋቀ ብሎክ ግን ወይ በብየዳና በቶርኖ ተለፍቶበት ይድናል፣ ወይም ይጣላል።

ወደ አባታችን ላዳ እንምጣ። «አባታችን» ያልነው የአንዳችን ስለሆኑ ነው፤ የአንዱ አባት ለሌላው አባት መሆኑ በዶርም ሕግ የጸደቀ ነው። አባባ ከክረምት በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ድምፅ ይሰማቸው ጀመር። መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ከሥር ደንቆሮ የሆነ የብረት ድምፅ «ኳ… ኳ፣ ኳ…» ይላል፤ እንደ ልብ ምት እኩል አይደለም፤ ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ይጠፋል። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ግን ጸጥ ይላል፤ ሞተሩም በዚያው ቅጽበት ፍጥነቱ ዝቅ ይልና ሊጠፋ ይንደፋደፋል።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ኩሽኔታው ነው» አለ። ሌላው «ካምቢዮውን አውርድ» አለ። ኩሽኔታ ሲሞት ግን ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው ፍሪሲዮን ሲረገጥ ነው፤ ድምፁም የመፍጨትና የማፏጨት እንጂ የመምታት አይደለም። የእኛዋ ደግሞ ሲረገጥ ነው ዝም የምትለው። ለምን ቢሉ፣ ወዲያና ወዲህ ሲላጋ የነበረውን ዘንግ እግራችን አንድ ጥግ አስደግፎ ስለሚይዘው ነው። ስለዚህ ዝምታው ጤና አይደለም። ዝም ስላለ ብቻ ደኅና ነው የተባለ ስንት ነገር አለ፣ ጎበዝ!

ቅዳሜ ጠዋት አባባን አጅበን ወደ አንድ ጋራዥ ሄድን። የጋራዡ ባለሙያ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ድምፁን ለአንድ ደቂቃ ያህል አዳምጠው «አጥፏት» አሉ። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አዩ፤ የእጅ ፍሬን አስያዙ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፉ። ኮፈኑን ከፈቱና በካቻቢቴ ፑሌጃውን በቀስታ ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ፣ ገፉት።

«ልጆች፣ ኑ እዩ። እርስዎ ደግሞ ወንድሜ፣ ፍሪሲዮኑን ይርገጡልኝ።»

አባባ ረገጡ። ፑሌጃው ወደ ራዲያተሩ ሸርተት አለ። አየነው! በዓይናችን በግልጽ አየነው። ባለ ሰዓት መለኪያ አምጥተው መግነጢሱን አጣበቁና ደግመው አስረገጡ። መርፌው 0.48 ላይ ቆመ። ጋሼ መለኪያውን እየነቀሉ «ዛሬ ባትመጡ የሚቀጥለው ወር ብሎኩን ይዛችሁ ትመጡ ነበር» አሉ።

ግቢው ጥግ ላይ አንድ ሌላ ላዳ ነበረች፤ ሞተሯ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ወስደው አሳዩን። የመጨረሻው አልጋ ጎን በጥፍር የተቧጨረ ግድግዳ ይመስላል። ቀለበቶቹ ኮፓ ውስጥ ነበር የተገኙት፤ አንደኛዋ ለሁለት ተሰብራለች። ባለቤቷ ድምፁን ስንት ወር ሰምተው «እስከ በዓል ትድረስልኝ» ሲሉ ነበር የቆዩት። ማንንም ልንወቅስ አይደለም። የዕለት ገቢ ያለው ሰው መኪናውን ለአንድ ቀን ማቆም ምን ማለት እንደሆነ የምጣኔ ሀብቱ ወንድማችን በቁጥር ሊያስረዳ ይችላል፤ እኛ ግን ያለ ቁጥርም ገብቶናል።

የአባባ ሞተር ከሥር ተከፈተ። ላዳ ላይ ይህ ቀላል አይደለም፤ መስቀለኛው ብረት ኮፓውን ስለሚከልለው ሞተሩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የአምስተኛው አልጋ ክዳን ሲፈታ ቀለበቶቹ አሁንም ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ እግዜር ይስጠው! ግን ሌላ ነገር ወጣ። የኋለኛዋ ተገልብጣ ነበር የገባችው፤ ጎድጓዳ መስመሮቿ ወደ ዘንጉ መዞር ሲገባቸው ወደ ብሎኩ ዞረዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሌላ ጋራዥ ሞተሩ ሲታደስ ነው እንዲህ የሆነው። ዘይት የምታስገባበት አፏ በግድግዳ ተደፍኖ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በደረቁ ስትገፋ ኖራለች።

ጋሼ የዘንጉን ፊት በጣታቸው ዳሰሱት፤ ለስላሳ ነበር፤ ቢሻክር ኖሮ አዲሱን ቀለበት እንደ ሞረድ ይበላው ነበር። ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ በ0.127 ሚሊሜትር የሚወፍረውን የጥገና ልክ መረጡ፤ ሁለቱንም ለወጡ። ዘይት ቀቡ፤ መስመሮቹን ወደ ዘንጉ አዙረው አስገቡ፤ ክዳኑን በኃይል መለኪያ መፍቻ አጠበቁ፤ ደግመው ለኩ። 0.15 አለ። «አሁን ተንፍሱ» አሉን። እኛ ግን መተንፈስ የጀመርነው ሞተሩ ተነሥቶ ጸጥ ብሎ ሲዞር ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ጋሼ ከአባባ ጋር መኪናው ውስጥ ገብተው ሰፈሩን ዞሩ። ሲመለሱ የተናገሩት ግን ስለ ቀለበት አልነበረም።

«ወንድሜ፣ አይቀየሙኝና እግርዎ ከፍሪሲዮኑ አይወርድም።»

አባባ ለአፍታ ዝም አሉ። ቀጥለው የመለሱት መልስ እስካሁን ጆሯችን ውስጥ አለ።

«እሺ፣ እግሬ የት ይረፍ?»

ተመልከቱ! በዚያች ጠባብ ወለል ላይ ከፍሪሲዮኑ በስተግራ እግር የሚያርፍበት የለም። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቶ ማታ በሁለት ሰዓት ለሚገባ ሰው፣ በአንድ ቀን ስንት መቶ ጊዜ የሚረግጥ ጉልበት፣ ማረፊያ ሲያጣ ፔዳሉ ላይ ያርፋል። «መጥፎ ልማድ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የድካም ሌላ ስሙ ነው። መጽሐፍ አንብበን «እግርዎን ያንሡ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ ወዴት እንደሚያነሡት ካልነገርናቸው ግን ምክራችን ግማሽ ቀለበት ነው። ጋሼ አልተከራከሩም። አንድ ቁራጭ ጠንካራ እንጨት ጠርበው፣ ፔዳሉን እንዳይነካ ሁለቴ ለክተው፣ በብሎን ከወለሉ ጋር አሰሩላቸው። ከጥገናው ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ያለው ሕመም የላዳ ብቻ አይደለም። የእንግሊዞቹ የትራያምፍ መኪኖች፣ በተለይም ከ1962 እስከ 1980 የተሠራችው ስፒትፋየር፣ በዚሁ በሽታ የታወቁ ናቸው። አሮጌ መኪና ወዳጆች ትራያምፍ ለመግዛት ሲሄዱ ከቀለሙ በፊት ፑሌጃውን ነው የሚያዩት፤ አንዱ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ሌላው አጎንብሶ ይመለከታል። የእኛዋ ቮልስ ደግሞ አሠራሯ ይለያል፤ ግፊቱን የሚችለው በቮላኖው በኩል ያለው አልጋ ነው፣ ክፍተቱም በሦስት ስስ ሮንዴላዎች ይስተካከላል። ግን እሷም ብትሆን ፑሌጃዋን ይዘው ሲስቡና ሲገፉ «ቅጭ ቅጭ» ካለች ጤና አይደለችም።

ከጋሼ አፍ የለቀምነውን ለሚጠቅመው ሁሉ እናስተላልፍ። መብራት ላይ ስንቆም ማርሹን ዜሮ አድርጎ እግርን ከፍሪሲዮን ማውረድ። ዳገት ላይ መኪናን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ አለመያዝ፤ ለዚያ የእጅ ፍሬን ተሠርቷል። ጠዋት ሞተር ሲነሣ ዘይቱ ገና አልጋው ጋ አልደረሰም፤ ስለዚህ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ማርሹ ዜሮ መሆኑን አረጋግጦ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማስነሣት። ሹካው ጫፉ ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ነጻ መወዝወዣ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው እግራችን ባይኖርም ኩሽኔታው ሁሌ እየገፋ ነው። የላዳ ሞተር 3.75 ሊትር ዘይት ይይዛል፤ ልኩን በየጊዜው ማየት፣ ጠቁሮ ሳይቀጥን መለወጥ፣ የተለወጠው ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ መኖሩን መመልከት። ሞተር ሲታደስ ደግሞ ቆሞ «መስመሮቹ ወደ የት ዞሩ? ክፍተቱ ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ። ጥሩ ባለሙያ በጥያቄ አይቀየምም፤ ጋሼ እንዲያውም ሳንጠይቃቸው ነው መለኪያውን ያሳዩን።

የፑሌጃው ፍተሻ ሁለት ሰውና ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ገንዘብ አይፈልግም። ሞተሩ መጥፋቱን፣ መኪናዋ መያዟን ማረጋገጥ፤ ፑሌጃውን ወደ ኋላ መግፋት፤ አንዱ ሲረግጥ ሌላው ማየት። እንቅስቃሴው በዓይን ጎልቶ ከታየ ባለ መለኪያ መጥራት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን፣ ጩኸቱ ጅቡ ሳይመጣ ይሁን።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንዳችን «ስለ ቀለበቷ ነው ወይስ ስለ አባታችን የምንጽፈው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ተከራከርን፤ አልተስማማንም፤ ሁለቱንም ጻፍነው። የምንስማማበት አንድ ነገር አለ። የማይታይ ቦታ ተቀምጦ ግፊት የሚችል ነገር የሚሰበረው በአንድ ትልቅ ምት አይደለም፤ ማንም ሳያስበው፣ ያለ ክፋት፣ ቀኑን ሙሉ በተደገፈው ክብደት ነው። የሚድነውም አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያየው ነው።

የሴሚስተር ዕረፍት እየደረሰ ነው። ከእናንተ መካከል የአባቱ፣ የአጎቱ፣ የጎረቤቱ እንጀራ በአሮጌ መኪና ላይ የሆነ ብዙ አለ። ቤት ስትገቡ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ፣ ኮፈኗን ክፈቱና «አባባ፣ እስቲ አንዴ ፍሪሲዮኑን ይርገጡልኝ» በሉ። ፑሌጃውን እዩ። ቀጥላችሁ ደግሞ እግራቸው የት እንደሚያርፍ ጠይቋቸው።